ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ዲግሪ

ጥር 6 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

ቡርቃ ጉባ ደርሰን ተመለስን። ከደሴ በሐይቅ በኩል ቢስቲማ፣ ከቢስቲማ ቁልቁል ሁለት ሰዓት ተኩል፤ የመጨረሻዋን ዳገትና ቁልቁለት በእግር። ፍልውሃው ከዓለቱ ሥር ሲወጣ 71 ዲግሪ ይሞቃል። የሚፈሰው በሰከንድ አራት ሊትር ገደማ ነው። ስምንት ጠርሙስ ቀዳሁ፤ አራቱ ላይ አሲድ ጠብ አደረግሁ። ለሲሊካ የሚሆነውን ግን እዚያው በተጣራ ውሃ አሥር እጥፍ ማቅጠን ነበረብኝ፣ ሲቀዘቅዝ እንዳይረጋ። የተጣራው ውሃ ጄሪካን ኮምቦልቻ ላብራቶሪው ውስጥ ቀርቷል። የረሳሁት እኔ ነኝ። ሾፌራችን አብዱልባሲጥ ከመነሳታችን በፊት ሁለቴ «ሁሉም ተጭኗል?» ብሎኝ ነበር። ሳላቀጥን እንዳለ ቀዳሁት።

የሴቶቹን መታጠቢያ የሚይዙት እትዬ ራቢያ የአብዱልባሲጥ አክስት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ፍልውሃው ዳር ኖረዋል። ወገቧን ያመማት፣ ቆዳዋ የቆሰለባት፣ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም ትመጣለች፤ እሳቸው ፍልውሃውን ከወንዙ ውሃ እየቀላቀሉ ያጥቧታል። በጠርሙስ የምቀዳውን ውሃ ምን እንደማደርገው ጠየቁኝ። ውሃው ከታች ከዓለቱ የሟሟውን ይዞ ስለሚወጣ፣ የያዘውን ስንመረምር ጥልቁ ምን ያህል እንደሚሞቅ ይነግረናል አልኳቸው። ሙቀቱ ከበቃ በእንፋሎቱ መብራት ይመነጫል።

«ለኛም ይደርሰናል?» አሉኝ።

«መጀመሪያ ለእናንተ ነው» አልኩ። እንዲህ በይ ያለኝ የለም። ከአፌ ወጣ።

ጥር 12፣ ሰኞ

የጥምቀት ማግሥት፣ ላብራቶሪ ውስጥ። መብራት ሁለቴ ጠፋ፤ ሁለቴም ማሽኑን ከዜሮ ማስተካከል። ሶዲየም በሊትር 310 ሚሊግራም። ፖታስየም 38። ሲሊካ 58። ማግኒዥየም 19፤ ለፍልውሃ በዛብኝ፤ ቆየት ብዬ አየዋለሁ። የፕሮጀክቱ አስተባባሪ አቶ ወንድምአገኘሁ ሦስት ጊዜ ደወሉ።

ጥር 14፣ ረቡዕ

መብራት የለም። ላብራቶሪው መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሁለት ስሌት አለኝ። በሲሊካው ከሄድኩ የጥልቁ ሙቀት 109 ዲግሪ ነው። ሶዲየሙን ከፖታስየሙ ጋር አነጻጽሬ ከሄድኩ 235 ይመጣል። መቶ ዘጠኝ መታጠቢያ ነው፤ ቢበዛ እህል ማድረቂያ። ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ግን የመብራት ኃይል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለቢስቲማና ለዙሪያዋ ሁሉ የሚበቃ መብራት ነው።

አቶ ወንድምአገኘሁ ጠዋት ራሳቸው ከደሴ መጡ። ነገ እንግዶች አሉባቸው፤ የቁፋሮውን ነገር የሚወስኑት ሰዎች። ክፉ ሰው አይደሉም። ለዚህ አካባቢ ሰባት ዓመት ጥናት እየጻፉ ሰባት ዓመት ተመልሶባቸዋል። የሲሊካው ጠርሙስ እንዳልቀጠነ፣ በመኪና ውስጥ ቀን ሙሉ እንደዋለ፣ ምናልባት ሲሊካው ረግቶ ይሆናል ብዬ ነገርኳቸው። እውነት ነው፤ የነገርኳቸው ሁሉ እውነት ነው።

«እንግዲያው የተበላሸውን ጠርሙስ ለምን ትቆጥሪዋለሽ?» አሉ።

አባባላቸው ደህና መሰለኝ። የሲሊካውን መስመር ከሰንጠረዡ አወጣሁት። 235 ጻፍኩ፤ ከጎኑ «የመጀመሪያ ግምት» ብዬ ጨመርኩ። ቁፋሮው ከተፈቀደ ላብራቶሪው ቋሚ እንደሚሆንና እኔም እንደምመራው ሲወጡ በር ላይ ነገሩኝ። ለዚያ ብዬ እንዳልጻፍኩት እዚህ ላይ ይመዝገብ።

ጥር 18፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አባዬ ፒያሳ ከጓደኞቹ ጋር ወደሚቀመጥበት ቤት ይዞኝ ገባ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው፤ የምድር ሆድ እሳት እንደሆነ ያስረዳቸው ነበር። በሬዲዮ ተነግሯል ለካ። «ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ዲግሪ ተገኘ» ነው የተባለው። «ግምት» የሚለው ቃል የለበትም። ከኋላችን የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ለጓደኛው፣ «የጋሽ ደጉ ልጅ ናት እሳቱን ያገኘችው» ሲል ሰማሁ። ዞሬ ላርመው አስቤ ነበር። አባዬ እያየኝ ነበር።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

ሚኒባስ ውስጥ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ። 

ማግኒዥየሙ። ከጥልቅ የሚመጣ በጣም ትኩስ ውሃ ማግኒዥየም አይዝም፤ ዓለቱ ያስቀርበታል። 19 ማለት ከላይ የገባ ቀዝቃዛ ውሃ ተቀላቅሎበታል ማለት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ከተቀላቀለ የሶዲየምና የፖታስየሙ ስሌት አይታመንም።

አሁን ነው ያሰብኩት። ማለት፣ አሁን ነው በደንብ ያሰብኩት።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ኮሪደር ላይ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰማሁ፤ «አሥራ አንድ አባወራ ብቻ ነው፣ አያስቸግርም።» ቁፋሮው ተፈቅዷል። ከፍልውሃው ዙሪያ ሁለት መቶ ሜትር ይታጠራል። በአጥሩ ውስጥ የሚገቡት ወደ ላይ፣ ጋራው ላይ ቤት ይሠራላቸዋል። የእትዬ ራቢያ ቤት ከፍልውሃው አርባ እርምጃ ነው።

ከሰዓት አብዱልባሲጥ መኪናውን ሲያጥብ አገኘሁት። ቀና ሳይል ነው የጠየቀኝ።

«ጽናት፣ ያ ቁጥር እርግጠኛ ነው?»

«ሳይንስ ነው» አልኩት።

ይህ መልስ አይደለም። እሱም መልስ አለመሆኑን ያወቀው ይመስለኛል፤ ጨርቁን ጨምቆ ወደ ጎማው ዞረ።

የካቲት 9፣ እሑድ

ትናንት ለአብዱልባሲጥ እንደገና መቅዳት እንደምፈልግ ነገርኩት። ለምን አላለኝም። ዛሬ በዕረፍት ቀኑ፣ ከዘመዱ በተዋሰው ፒክአፕ ወሰደኝ። የተጣራውን ውሃ ጄሪካን ጉልበቴ ላይ አቅፌ ሄድኩ። ሦስት ጠርሙስ ቀዳሁ፤ ሦስቱንም እዚያው አቀጠንኩ፤ ሦስቱም ላይ ሰዓቱንና ስሜን ጻፍኩ።

እትዬ ራቢያ ሲያዩኝ ከሴቶቹ መካከል ተነስተው መጡ። በግራ እጃቸው ትከሻዬን ይዘው ከሰላምታው በኋላ ብዙ መረቁኝ። ለመልቀቅ መጀመሪያ እምቢ ያሉት ሴቶቹ ነበሩ አሉኝ። ወንዶቹ ፈርመው እነሱ አንነሳም ብለው ተቀመጡ። ከዚያ እሳቸው ሰብስበው፣ ያቺ የደሴዋ ልጅ መብራቱ መጀመሪያ ለእናንተ ነው ብላኛለች፣ ልጆቻችሁ በብርሃን ያጠናሉ ብለው አሳመኗቸው።

«አብሽሪ፣ ሁሉም ፈርመዋል» አሉኝ። የተጨነቅሁ መስዬ ስለታየኋቸው ነው።

ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። ውሃው ግን እንደ ፊተኛው ነበር፤ 71 ዲግሪ፣ አራት ሊትር። አንዲት ነፍሰ ጡር እግሯን ነክራ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ሲሊካ 57፣ 58፣ 57።

ሦስቱም ቀጥነዋል፣ ምንም የረጋ ነገር የለም። የመጀመሪያው ጠርሙስ አልተበላሸም ነበር። ጥልቁ 109 ዲግሪ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ለማንም ያልነገርኩት። በጠርሙስ ውስጥ የሚረጋ ሲሊካ ከመቶ በታች አይወርድም። የ235 ዲግሪ ውሃ ቢሆን ኖሮ፣ ረግቶም እንኳ መቶ ሃያ ያህል ይቀረው ነበር። ሃምሳ ስምንት ሊሆን አይችልም። ይህን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ተምሬ ተፈትኜበታለሁ። ጥር 14 ቀን ይህን አላውቅም ነበር ብዬ መጻፍ እችላለሁ፤ ደብተሩ የኔ ነው። ደክሞኝ ነበር። አቶ ወንድምአገኘሁ በር ላይ ቆመው ነበር።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ሁለት ገጽ ጽፌ አቶ ወንድምአገኘሁ ቢሮ ገባሁ። መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡት። ከዚያ የመጀመሪያውን ገጽ ደግመው አነበቡ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ትክክል ልትሆኚ ትችያለሽ» አሉ። «ግን ይህን ይዤ የት ልሂድ? ቆፋሪዎቹ ተዋውለዋል። ሰዎቹ ፈርመዋል። እኔ ሰባት ዓመት ደጅ ጠንቻለሁ።»

ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ የማርመውም እኔ ነኝ አልኳቸው። እንዲህ አልኩ፣ ድምፄ ግን ልመና ነበር የሚመስለው። እሳቸውም በልመና ድምፅ መለሱልኝ። ላይ የሚወጣው ውሃ የተቀላቀለ ከሆነ ከታች ያለውን ለማወቅ መቆፈር ነው አሉ፤ ጉድጓዱ ይመስክር፤ ደብዳቤው ከመጨረሻው ሪፖርት ጋር በአባሪነት ይያያዛል።  ስወጣ አንድ ነገር ያሸነፍኩ መሰለኝ። ደረጃው ላይ ስደርስ ምንም እንዳላሸነፍኩ ገባኝ።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

የቁፋሮ ማሽኑ ዛሬ በኮምቦልቻ አለፈ። በሁለት ረጃጅም ተሳቢ። እነሱ ረመዳን፣ እኛ ሁዳዴ፤ ከተማው ሁሉ ጾመኛ ነው፣ ግን መንገድ ዳር ቆመው አጨበጨቡ። እኔም ከላብራቶሪው በር ላይ ቆሜ ነበር። አጠገቤ ያለችው ጽዳት ሠራተኛ እጄን ያዘችኝ፤ ከደስታ ያለቀስኩ መስሏት ነው።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ለዋናው መሥሪያ ቤት በኢሜይል ላክሁ፤ ውጤቱን፣ ስሌቱን፣ ሁሉንም። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያስተላልፉት አንድ ሰው ያነበዋል ብዬ። መልስ፦ «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን።»

ቁፋሮው ተጀምሯል። እትዬ ራቢያና አሥሩ አባወራ ጋራው ላይ ቆርቆሮ ቤት ገብተዋል። ከዚያ እስከ ፍልውሃው ለእግረኛ አንድ ሰዓት ነው፤ ለእሳቸው ጉልበት ሁለት። በአጥሩ በኩል ሴቶች በሳምንት ሁለት ቀን ይገባሉ ተብሏል።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

130 ሜትር ላይ ሙቅ ውሃ ፈንድቶ ወጣ። 88 ዲግሪ። ፎቶው በሁሉ ስልክ ላይ አለ፤ ሠራተኞቹ ተቃቅፈው፣ እንፋሎቱ ከኋላቸው። አባዬ ደውሎ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። አቶ ወንድምአገኘሁ፣ «አየሽ?» ብቻ አሉኝ፤ ደስ ብሏቸው፣ ያለ ቂም።

ለአንድ ሰዓት ያህል ተሳስቼ ቢሆን ብዬ ጸለይኩ። መሳሳቴን እንዲህ የተመኘሁበት ቀን የለም።

ከሰዓት በኋላ አብዱልባሲጥ ከቦታው ደወለ። ሠራተኛ አመላልሶ እየተመለሰ ነው። ፍልውሃው ቀንሷል አለኝ። ምን ያህል ስለው፣ «የሴቶቹ ገንዳ ድንጋዩ ወጥቷል» አለ።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

280 ሜትር፤ 96 ዲግሪ። 340 ሜትር፤ 94። 400 ሜትር፤ 91።

ወደ ታች ሲኬድ እየቀዘቀዘ ነው። ሙቁ ውሃ ከጎን፣ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ከበታቹ እሳት የለም። ደብዳቤዬ ላይ ሁለተኛው ገጽ፣ ሦስተኛው አንቀጽ። ማንም አልጠቀሰልኝም፤ እኔም ለማንም አላስታወስኩም። ትክክል መሆኔ ለማን ይጠቅማል? የጉድጓዱ አፍ ከፍልውሃው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ውሃው ቀሎት በዚያ መጣ። ይህንንም መገመት ይቻል ነበር። ይህን እንኳ አልጻፍኩትም ነበር፤ ስለ ሙቀቱ ብቻ ነበር የጻፍኩት፣ ስለ ውሃው አላሰብኩም።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ዒድ እሑድ አለፈ። ማሽኑ ዛሬ ተነሳ፤ በኮምቦልቻ ሲያልፍ መንገድ ዳር ማንም አልነበረም። ጉድጓዱን በሲሚንቶ ደፍነው ብረት ክዳን ገጠሙበት። ሲደፈን ፍልውሃው ይመለሳል ተብሎ ነበር። አብዱልባሲጥ በሰዓትና በአምስት ሊትር ጄሪካን ለክቶ ላከልኝ፤ ለመሙላት ሃያ አምስት ሰከንድ ይፈጃል። በጥር አንድ ሰከንድ ከሩብ ነበር። ሙቀቱም 52።

ሪፖርቱ ታትሞ ደረሰኝ። «የቁፋሮው ውጤት ለቀጣይ ጥናት ጠቃሚ መረጃ አስገኝቷል» ይላል። አባሪ ሦስት አለ፣ አባሪ አምስት አለ። አቶ ወንድምአገኘሁ ወደ ሌላ ፕሮጀክት ተዛውረዋል፤ ደውዬ ስጠይቃቸው አባሪ አራትን፣ የኔን ደብዳቤ፣ እሳቸው አያይዘውት እንደነበር፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እንደማያውቁ ነገሩኝ። አመንኳቸው። ድምፃቸው አርጅቷል።

የኔ ውል ለአንድ ዓመት ታድሷል። ፈርሜያለሁ።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

የሰሞነ ሕማማት መጀመሪያ። ለአባዬ ነገርኩት፤ ሙሉውን፣ ጠርሙሱን፣ በር ላይ የተባልኩትን ሳይቀር። ቆጣ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ወንበሩን ወደ ፀሐዩ አዙሮ ተቀመጠ።

«ተማሪዎቼን አርማቸው ነበር እኮ» አለ። «ሰው የማያውቀውን ሲናገር።»

ስለ ራሱ ይሁን ስለ እኔ አልገባኝም። ፒያሳ መሄድ ትቷል። እግሬን ያመኛል ይላል።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ለፋሲካ ዕረፍት አለኝ። አብዱልባሲጥን ውሰደኝ አልኩት።

መጀመሪያ ወደ ቦታው ወረድን። አጥሩ እንዳለ ነው፣ ጠባቂ የለም። ከዓለቱ ሥር በእፍኝ የሚያዝ ያህል ውሃ ይንጠባጠባል። ገንዳዎቹ ደርቀው ነጭ ጨው አውጥተዋል። ቴርሞሜትሬን ይዤ ነበር፤ አላወጣሁትም።

እትዬ ራቢያ ቆርቆሮ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ቤቱ ቀን ቀን ውስጡ አያስቀምጥም፤ ይግላል። ጉልበታቸው አብጧል። ከእሳቸው ጋር ይታጠቡ ከነበሩት አንዷ ብቻ ናት አሁን የምትጎበኛቸው፤ ሌሎቹ እሳቸው ናቸው ያስፈረሙን ይላሉ። ይህን የነገረኝ አብዱልባሲጥ ነው፣ እሳቸው አልተናገሩም። እንዴት ከረማችሁ፣ አባትሽ ደህና ናቸው፣ በዓሉ እንዴት አለፈ አሉኝ።

እንግዲህ ነገርኳቸው። ቁጥሩን የሰጠሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ሌላም ቁጥር እንደነበረኝ፣ ያኛው ትክክለኛው እንደነበር፣ ከደረስኩበት በኋላም ማሽኑ እንዳልቆመ። ቀለል አድርጌ ለመናገር ሞከርኩ፤ ለራሴም ቀለል እንዳደረግሁት ይሰማኝ ነበር። አብዱልባሲጥ ተነስቶ ወደ መኪናው ሄደ።

እትዬ ራቢያ ወደ ቁልቁለቱ ተመለከቱ።

«ውሃው ይመለሳል?» አሉ።

«አላውቅም፣ እትዬ። ምናልባት በዓመታት። ምናልባት አይመለስም።»

«ኸይር፤ ለበጎ ይሁን» አሉ። ቀጥለውም እስከ ዛሬ አቤቱታ የሚጽፍ ሰው እንዳጡ ነገሩኝ። ወረዳ ቢሄዱ በቃል አንሰማም ብለዋቸዋል። «አንቺ ትጽፊልኛለሽ?»

ከቦርሳዬ ወረቀት አወጣሁ። እሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍኩ። ቤታችንን በፈቃዳችን ለቅቀናል። መብራት ይመጣል ተብለን ነው። ውሃችን ጠፍቷል። በሽተኞች ይመጣሉ፣ አይተው ይመለሳሉ። የተቆፈረው ተጠንቶ ውሃው የሚመለስበት መንገድ ይፈለግልን፤ ካልሆነም ወደ ወንዙ ዳር እንውረድ። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ጽሑፍ ጽፌም አላውቅም። ከዚያ ምክንያቱ ጋ ደረስን፤ ጉድጓዱ ለምን ተቆፈረ የሚለው ጋ። «በባለሙያዋ በጽናት ደጉ የተሳሳተ ግምት ምክንያት» ብዬ ልጽፍ መሆኑን ነገርኳቸው። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ነበር።

«ስምሽን ተይው» አሉኝ። «አንቺም አባት አለሽ። እንጀራሽን አትዝጊ።»

አይሆንም፣ መግባት አለበት ማለት ነበረብኝ። ለዚያ ነበር የሄድኩት፤ መንገዱን ሁሉ ለራሴ ስለው የመጣሁት ይህንኑ ነበር። «እሺ» አልኳቸው። «ባለሙያዎች በሰጡት ግምት መሠረት» ብዬ ጻፍኩና ሞላሁት።

የቀኝ አውራ ጣታቸውን በብዕሬ ቀለም ቀባሁላቸው፤ ከታች ካለው መስመር በላይ አተሙ። ጣታቸውን የሚታጠቡበት ውሃ ቤት ውስጥ አልነበረም፤ ሻርፓቸው ጫፍ ላይ ጠረጉት።